ጋሽ መኩሪያ አልወርድም ያሉበት ቁልቁለት

ጋሽ መኩሪያ መሞታቸውን የሰማሁት ሽንኩርት ሊጭን ሮቢት ከቆመ ሾፌር አፍ ነው። ከጎረቤቴ ከዘሀራ ደጃፍ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እየሳቀ ነው የነገራት። «ያ ሙሽራ ያስቀረ ሰካራም ሰውዬ ነበረ አይደል? ኮምቦልቻ ላይ ወባ ጨረሰው አሉ» አላት። ዘሀራ «ኢና ሊላህ» ብላ ወደኔ ዞር አለች። እኔ ምስር የምለቅምበትን ሰፌድ ይዤ እቤት ገባሁ።

ጋሽ መኩሪያ ሰካራም አልነበሩም። በዕድሜዬ ካየኋቸው ወንዶች አረቄ በየሳምንቱ ገዝተው አንድ ጉንጭ ያልቀመሱ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።

ሮቢት የመጡት ክረምቱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲጀምር ነው። ከሰውየው በፊት የታየችው መኪናይቱ ናት። ጥቁር፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ብረት የሚያብለጨልጭ፣ የመኳንንት አውቶሞቢል። ግን አርጅታለች። በግራ ጎኗ ዘመም ብላ፣ እግሯን እንደሚያማት በቅሎ እያነከሰች ነው ግቢያችን የገባችው። ባለቤቴ አቶ በዛብህ ከጓሮ ያለችውን ጭቃ ቤት አከራያቸው፤ መኪናይቱን ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር አቆሟት።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ላቀብል መስዬ ጠየቅኳቸው።

«የማን መኪና ናት?»

«የኔ ናት።»

«አንቱስ የማን ነዎት?»

ሳቁ። «የአንድ ትልቅ ሰው ሾፌር ነበርኩ፣ ሃያ ዓመት። ጌታዬ ሲያርፉ እመቤቲቱ ‹አብራችሁ ነው ያረጃችሁት፣ ይዘሃት ሂድ› አሉኝ።»

«ወረቀት አላት?»

«እንዴታ!»

ወረቀቱን ግን አላሳዩኝም። እውነቱን ልናገርና ዛሬም ቢሆን ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ከጣርማ በር ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ብሏቸው ገደል ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የሚደብቀኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ጋሽ መኩሪያን ጠበቅኳቸው። አንዴ በመስኮት፣ አንዴ በአጥር ቀዳዳ፣ አንዴ ልብስ የማሰጣ መስዬ።

ያየሁት ነገር ደግሞ የሚያሳርፍ አልነበረም። አንድ ቀን ሞተሩን አስነሥተው የዱላ ጫፍ ብረቱ ላይ ተከሉ፤ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ቀን ከሥጋ ቤት የበግ ላት ገዝተው መጡ። ላቱን አቅልጠው መኪናይቱ ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ እሷን የሚሸከሙትን የተነባበሩ ብረቶች፣ ባሌስትራ የሚሏቸውን፣ መሀል መሀላቸውን እየቀቡ ያጉረመርማሉ። ወደ ዘሀራ አጥር ሮጥኩ።

«ዘሀራ፣ ይኼ ሰው መተት ይሠራል።»

«የምን መተት?»

«ስብ ይቀባል፣ ያነበንባል።»

«አንቺ ሴት! የኛ ሰውዬስ ግመል ሲጭን አያነበንብም? ሥራ ነው እንጂ፣ ወላሂ!»

«ጥቁር መኪና ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ሰው ምን ሥራ አለው? ጆሮ ጠቢ ቢሆንስ?»

«እንግዲያማ ቀስ ብለሽ ተናገሪያ!» አለችኝና እየሳቀች ገባች።

በኋላ እሳቸውኑ ደፍሬ ብጠይቅ «ብረቶቹ ሲፋተጉ ነው የምትጮኸው። ስብ ካገኙ ዝም ይላሉ። ‹አይዟችሁ፣ ትንሽ ቻሉ› ነው የምላቸው» አሉኝ። ለብረት አይዞህ የሚል ሰው! ይህ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ጨመረብኝ።

ጋራዥ የማይወስዷት ለምን እንደሆነም ጠይቄያቸዋለሁ። ባለቤቴ እንደሚለው ገንዘብ አጥተው ይሆናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከመኪናይቱ ሥር ሳይወጡ፣ እግራቸው ብቻ እየታየ፣ «ጋራዥ የሚፈታት ሰው ፈትቶ ገጥሞ እዚያው ይቀራል፣ እትዬ በላይነሽ። ቁልቁለቱን አብሬያት የምወርደው እኔ ነኝ» አሉ።

ሲሠሩ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ከመኪናይቱ የሚያወጡትን ሁሉ ጆንያ ዘርግተው በተርታ ያስቀምጣሉ፤ መጀመሪያ የወጣው በግራ፣ መጨረሻ የወጣው በቀኝ። ሲገጥሙ ከቀኝ ጀምረው ወደ ግራ ይመለሳሉ። ያንን ጆንያ ሰው እንዲሻገርባቸው አይወዱም። ዶሮ እንኳ ከተሻገረችው ቁጭ ብለው፣ በጣታቸው እየነኩ፣ አንድ በአንድ እንደገና ይቆጥሩታል።

ከሁሉ የከፋብኝ አረቄው ነበር። በየቅዳሜው ከገበያ አንድ ጠርሙስ ይገዛሉ። ፍሬኑን በሚፈቱበት ቀን ጠርሙሱን ይዘው መኪና ሥር ይገባሉ። ሲወጡ ጠርሙሱ ጎድሏል፤ እጃቸው በሩቅ ይሸታል። ለባለቤቴ «ይኼ ሰው ፍሬን እየፈታ ይጠጣል» ስለው «ወንድ አይደለም እንዴ፣ ምን ያርግ?» አለኝ። እሳቸውን ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር። ይህን አንዱን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ የማውቀው መስሎኝ።

እንዲህ እያልን ልጄ ፀዳለ ለደብረ ሲናው ግራዝማች ልጅ ታጨች። ግራዝማች ያችን ጥቁር መኪና ገበያ ላይ አይተዋታልና «ምራቴ በአውቶሞቢል ነው የምትገባው፤ መልሷንም በአውቶሞቢል ነው የምትመጣው» አሉ። እሑድ ሙሽራይቱ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ትወጣለች። ማክሰኞ ሙሽሮቹ ለመልስ ወደኛ ይወርዳሉ። ባለቤቴ በደስታ መሬት አልበቃው አለ።

«በዚያች አንካሳ መኪና ልጄን አልሰድም» አልኩት።

«ተይ እንጂ! ግራዝማችን አንቺ ንገሪያቸዋ!»

«ሰውየው ይጠጣል እያልኩህ።»

«አንቺ ደግሞ ያልጠረጠርሽው ሰው ማን አለ? እኔንም በሙሽርነታችን ሌላ ሚስት አለው ብለሽኝ አልነበረም?»

ብዬውም ነበር። እንጃ፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ጋሽ መኩሪያ የቀኙን የኋላ እግር ፍሬን ፈቱ። ጎማው ወጥቶ ተደግፏል፣ ጆንያው ተዘርግቷል፣ ሁሉ በተርታው ተኝቷል፣ የአረቄው ጠርሙስም አጠገቡ። የሮቢት ቀትር ታውቃላችሁ፤ ውሻም አይጮህበት። ጋሽ መኩሪያ ቤታቸው ገብተው ጋደም አሉ። ባለቤቴም ተኝቷል።

ተነሣሁ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ሄጄ ጆንያው ዘንድ ቆምኩ። አንድ ነገር ከጎደለ መኪናይቱ አትገጠምም፣ ካልተገጠመች አትሄድም፣ ልጄ በአውቶቡስ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ትልቁን ብወስድ ይታወቃል። ከሁሉ ትንሿን መረጥኩ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የጎማ ቆብ። እፍኜ ውስጥ ጨብጫት ወጥ ቤት ገባሁና ምድጃው ውስጥ ጣልኳት።

ያ ጭስ! ዘሀራ ከአጥር ማዶ «ምን እያቃጠልሽ ነው?» ብላ ጮኸች።

«አሮጌ ጫማ ነው!»

ጋሽ መኩሪያ ሲነሱ በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። ጆንያው ፊት ተንበረከኩ። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። መሬቱን ዳሰሱ፣ ጎማው ሥር አዩ፣ ኪሳቸውን ፈተሹ። ከዚያ ቀና ብለው አየሩን አሸተቱና ወደ ወጥ ቤቴ አዩ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዓርብ ማታ አይደለም፣ ዓርብ ከሰዓት በፊት መኪናይቱ በአራት እግሯ ቆማለች! ታጥባለች፣ ታብለጨልጫለች። ቆቧ የለችም፤ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ የፈቱት ሁሉ ተመልሶ ገባ?» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «የተገኘው ሁሉ ገብቷል» አሉ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ግን ተለጎመ። የግራዝማችን የሠርግ መኪና የሙሽራይቱ እናት አበላሸች ቢባል ሠርጉ ሊፈርስ ነው፣ ባለቤቴ ሊገድለኝ ነው፣ ልጄ በሰው አፍ ልትገባ ነው። ነገ እናገራለሁ እያልኩ እሑድ ደረሰ። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ፀዳለ ጉልበት ስማ ጥቁሯ መኪና ውስጥ ገባች። ጋሽ መኩሪያ መሪውን ይዘው በመስኮት አዩኝና ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ። እንደማጽናናት ይሁን እንደማስፈራራት ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ሄዱ።

ማታውን የአውቶቡስ ሾፌር በሰላም ገብተዋል አለን። ቤቱ እልል አለ። እኔ ግን ሽቅብ መውጣት ምኑ ይፈራል፤ የምፈራው ማክሰኞን ነው። ከደብረ ሲና እስከ ሮቢት ቁልቁል ነው፣ አንድ ጊዜ ከለቀቀች የሚይዛት የለም። ሁለት ቀን እህል አልበላሁ። ዓይኔን ስከድን ያቺ የጎማ ቆብ ምድጃ ውስጥ ስትኮማተር አያታለሁ።

ማክሰኞ ጧት ድስቱን ለእህቴ ጣልኩና የመጀመሪያው ሽቅብ የሚወጣ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። የሙሽራ እናት መልሱ ሳይደርስ አማቾቿ ቤት አትረግጥም፤ ነውር ነው። እህቴ «አብደሻል!» እያለች በኋላዬ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ይባል አልኩ። ልጄ በሕይወት ትገኝና ነውረኛ ልባል።

ግራዝማች ግቢ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። መኪናይቱ በበሩ አጠገብ ቆማለች፣ በአበባ ተሽቆጥቁጣ። ግራዝማች ዘንጋቸውን መሬት እየመቱ ይጮኻሉ።

«ሮቢት ድንኳን ተጥሎ ሰው ይጠብቀኛል! አንተ ዛሬ ‹አልወርድም› ትለኛለህ?»

«መኪናዋ አትወርድም፣ ጌታዬ» ይላሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

«እሑድ ዕለት ወጥታ የለም እንዴ?»

«መውጣትማ ትወጣለች።»

አንዱ ሚዜ እጃቸውን ይዞ አሸተተ። «ኧረ ጌቶች፣ ሰውየው ሰክሯል! አረቄ አረቄ ይላል!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ቀርበው አዩዋቸው። «እውነት ነው? ጠጥተህ ነው?»

ጋሽ መኩሪያ ወደ መሬት አዩ። «ይሁን፣ ጌታዬ። ጠጥቼ ነው።»

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ሰዉን እየገፋሁ ገባሁ። «ግራዝማች፣ እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ…»

«እትዬ በላይነሽ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ከአፌ ቀምተው። «ልጅዎ ናፍቃዎት መጡ? ደህና ናት፣ ደህና ናት!» እያሉ መጥተው ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። በጆሮዬ ግን ሌላ ነው ያሉኝ። «ምንም እንዳይናገሩ። ፀዳለ እዚህ ቤት ከገባች ሦስት ቀኗ ነው። ‹እናትሽ› እያሉ ዕድሜዋን ነው የሚቆጥሩባት። እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ስድቡ ከኔ ጋር ይሄዳል።»

«ያቺ ጎማ…» አልኩ።

«አውቃለሁ። የጫማና የፍሬን ጎማ ሽታ አንድ አይደለም። ወደዚያ እግር የሚሄደውን ቱቦ ዘግቼ በሦስት እግር ነው ያወጣኋት፤ ሽቅብ ሲሆን መንገዱ ራሱ ፍሬን ነው። ቁልቁል ግን በሦስት እግር ሰው አላወርድም።»

ግራዝማች ወደኔ ዞረው «ወይዘሮ በላይነሽ፣ ምን ሊሉ ነበር?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ፀዳለ ከቤት ወጥታ፣ ነጭ ለብሳ፣ በር ላይ ቆማለች።

«ምንም። ናፍቃኝ ነው» አልኩ።

ሽንኩርት አራግፎ ወደ ቆላ የሚመለስ ጭነት መኪና ተለመነ። ጋሽ መኩሪያ ሳይጠየቁ ሾፌሩን አስወርደው ፍሬኑን ደጋግመው ረገጡት፣ በጀርባቸው ሥሩ ገብተው አዩ፣ ወጥተው «ይቺ ታወርዳለች» አሉ። «ሰካራም ሐኪም!» እያሉ ሳቁባቸው። ፀዳለን ከባሏ ጋር ጋቢና አስቀመጧት። ቀሚሷ የሽንኩርት ልጣጭ እየለቀመ፣ በንዴት እያለቀሰች ነው የወረደችው። እኔ ከኋላ፣ ከሚዜዎቹ ጋር። ድንኳናችን ስንደርስ ዘፈኑ ወጥቶ ነበር፤

«አረቄ የጠጣ ያ ባለመኪና፣
ሙሽሪትን ሰዷት በሽንኩርት ጋቢና።»

ሁሉም ተቀበለው። እኔም አጨበጨብኩ። የሙሽራ እናት ስታጨበጭብ ካልታየች ምን ሊሏት ነው?

በአሥራ አምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሽ መኩሪያ በአውቶቡስ ወርደው በሬ ላይ ቆሙ። ከስተዋል። የቆቧ ምትክ ከአዲስ አበባ መጥቶላቸዋል። «ፍሬኑን የሚረግጥልኝ ሰው ቸግሮኝ ነው» አሉ። «ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከታች አየሩን ያስወጣል። ደብረ ሲና ደግሞ ከዘፈኑ ወዲህ አጠገቤ የሚቆም ጠፋ።»

ልጄን ልጠይቅ ነው ብዬ አብሬያቸው ወጣሁ። የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ። እሳቸው አንድ ብርጭቆና ቀጭን ቱቦ ይዘው ከጎማው ኋላ ሥሯ ገቡ።

«ይርገጡ። ይልቀቁ። ይርገጡ። ይልቀቁ። ይርገጡና ይያዙት!»

ያዝኩት። ከእግሬ ሥር እንደ ቦካ ሊጥ ቀስ እያለ ሰመጠ። ደነገጥኩና ላነሣ ስል «አይልቀቁ! አይልቀቁ፣ የሚወጣው አየሩ ነው!» አሉ። ወለሉን እስኪነካ ያዝኩት። ደጋገምን። አረቄውንም ያን ቀን ጠየቅኳቸው፤ ሰባት ወር ሙሉ ያልጠየቅኩትን። «ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አረቄ አጥቦት ተኖ ይጠፋል። ለመጠጡስ ጨጓራ የለኝም» አሉ ከታች።

ትንሽ ቆይቼ «ጋሽ መኩሪያ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አንቱ ከመኪና ሥር ተኝተው አይፈሩኝም?» አልኳቸው።

ብረት ሲጠብቅ ይሰማኛል።

«ፍሬን የሚረግጥ ሰው ፈሪ ሲሆን ነው ደግ» አሉ። «ደፋር አላስጠጋም። ይርገጡ!»

ረገጥኩ። ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ። ጠጠረ፣ አልሰመጠም። እሳቸው ሥሯ እንዳሉ ሳቁ።

ያን ቀን አብሬያቸው ወረድኩ፣ ኋላ ወንበር ላይ፣ ብቻዬን። በየጠመዝማዛው ቆም ያደርጓታል፣ እሷም ትቆማለች። በጆሯቸው ሥራውን ያዳምጣሉ እንጂ አያወሩም። ባሌስትራው አልጮኸም።

ከዚያ በኋላ ግን ሮቢትም ሆነ ደብረ ሲና ለሠርግ የሚጠራቸው ጠፋ። ዘፈኑ ከሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። ጓዛቸውን ሲጭኑ ከሮቃው ሥር ሄጄ «ልናገር፣ ጋሽ መኩሪያ? ለሰው ሁሉ ልናገር?» አልኳቸው።

«ልጅዎ ወልዳ ቤቱ ቤቷ ሲሆን ይናገራሉ። አሁን አይደለም» አሉኝ። ወደ ወሎ ሄዱ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ፀዳለ ሁለት ወልዳለች። ግራዝማች አርፈዋል፤ የቤቱ ቁልፍ በወገቧ ነው። በየዓመት በዓሉ ወሬው ሲነሳ «ያ ሰካራም ሠርጌን የሽንኩርት ገበያ አደረገው» ብላ ሰው ታስቃለች፤ ልጆቿም ዘፈኑን ያውቁታል። እኔ አንድ ቀን እንኳ «ተይ» ብያት አላውቅም። አንዴ እንግዳ ሲበዛ፣ አንዴ ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ አንዴ ደስ ሲላት ደስታዋን ላለመስበር። ምክንያት አጥቼ አላውቅም። የፈራሁት ግን እሷን ነው።

ነገ ትመጣለች። መሞታቸውን ስትሰማ ያንኑ ታወራ ይሆናል። ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ። ፊደሌ የተንጋደደ ነው፣ ግን ታነበዋለች። አፌ እንደዚያን ቀን እንዳይከዳኝ ነው የጻፍኩት። ፀዳለ ልጄ፣ ያን ቀን በሽንኩርት መኪና ያወረድኩሽ እኔ ነኝ።